ሰማይ ሲታረስ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት በሕዝባችን አንደበት ለብዙ ዘመን ሲነገር ኖሮአል። ተረቱ ሁለት የማይሆኑ ነገሮችን ጎን ለጎን አቁሞ አንዱን በሌላው ያስረዳል። ሞፈርና ቀንበር ተሸክሞ ወደ ሰማይ የሚወጣ ገበሬ እንደማይገኝ ሁሉ፣ ባለሥልጣንን ከችሎት የሚያቆም ከሳሽም አይገኝም ማለቱ ነው። የነገሩ ብልኀት ያለው በመጀመሪያው ሐረግ ላይ ነው። ሰማይ እንደማይታረስ የሚጠራጠር ሰው ስለማይኖር፣ ንጉሥ አይከሰስም የተባለውንም ሰሚው እንደ ተፈጥሮ ሕግ ቈጥሮ ይቀበለዋል።

በዘመናችን ግን የመጀመሪያው ሐረግ እውነትነቱን አጥቶአል። ሰማይ መታረስ ከጀመረ ሰማንያ ዓመት ያህል ሆኖታል። አውሮፕላን ወደ ደመና ዘልቆ ይገባል፤ ከክንፉ ሥር የታሰረው ማቃጠያ ሲልቨር አዮዳይድ የተባለውን የብር ውሁድ በጢስ መልክ ይረጫል። በአንዳንድ ቦታም ከተራራ ወገብ ላይ የተተከለ ምድጃ ይህንኑ ጢስ ወደ ላይ ይልካል። የሙያው ሰዎች ለተግባሩ የሰጡት ስም እንኳ ከእርሻ የተወሰደ ነው፤ በብዙ አገር «ደመናን መዝራት» ይሉታል፣ በእኛም አገር «ደመናን ማበልጸግ» ይባላል። እንግዲህ የተረቱ ሁለተኛ ሐረግ ድጋፉን አጥቶ ብቻውን ቀርቶአልና እንደገና ሊመረመር ይገባዋል። ሰማይ የሚታረስ ከሆነ አራሹ ይጠየቃልን? የማረሱን ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው? ፈቃድ ሰጪው ራሱስ ለማን መልስ ይሰጣል? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው እነዚህን ጥያቄዎች ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እንጠይቃለን።

በቅድሚያ ሥራው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል መለየት ያስፈልጋል። በ1946 ማብቂያ ላይ ቪንሰንት ሼፈር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በማሳቹሴትስ ግዛት ከአንድ ተራራ በላይ በነበረ ደመና ውስጥ በአውሮፕላን ሆኖ ደረቅ በረዶ በተነ፤ ደመናውም ወደ በረዶ ብናኝ ተለወጠ። በዚያው ወር የሥራ ባልደረባው በርናርድ ቮኔጉት ሲልቨር አዮዳይድ ተመሳሳይ ውጤት እንደሚሰጥ አገኘ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በደመና ውስጥ ያሉ እጅግ ደቃቅ የውሃ ጠብታዎች ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወርዶም ቢሆን ሳይረጉ ሊቆዩ ይችላሉ። የሲልቨር አዮዳይድ ቅንጣት የተሠራበት ቅርጽ የበረዶን ቅርጽ ስለሚመስል ውሃው እርሱን ተጠግቶ ይረጋል፤ እየከበደም ሄዶ ይወርዳል። ስለዚህ ሥራው ያለውን ደመና ይቀሰቅሳል እንጂ ከጠራ ሰማይ ዝናብ አይፈጥርም። የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብና የሥራ ክንውን መርማሪ መሥሪያ ቤት በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በተመለከታቸው ጥናቶች ውስጥ የተገመተው ጭማሪ ከ0 እስከ 20 በመቶ እንደሆነ ገልጾአል። ዜሮም በግምቱ ውስጥ እንዳለ ማስተዋል ይገባል።

የሞራሉ ችግር የሚመነጨው ከዚህ ላይ ነው። ከወረደው ጠብታ የትኛው በአውሮፕላኑ ምክንያት፣ የትኛው በራሱ ጊዜ እንደወረደ ለይቶ የሚያሳይ ምልክት የለም። ገበያ ላይ የተሸጠ በሬ ባለቤቱን ያስታውቃል፤ ከድንበር ያለፈ ማረሻ ትልሙን ጥሎ ይሄዳል። የሰማይ እርሻ ግን ትልም የለውም። ዱካ በሌለበት ቦታ ምስጋናን ለራስ መውሰድ፣ ወቀሳን ወደ ሌላ መግፋት ቀላል ይሆናል።

ይህን ጠባይ አጉልቶ የሚያሳይ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። በ1915 መጨረሻ በካሊፎርኒያ የምትገኘው የሳን ዲዬጎ ከተማ ምክር ቤት፣ ዝናብ አዝናቢ ነኝ ይል ከነበረ ቻርልስ ሃትፊልድ ከተባለ ሰው ጋር ተነጋገረ። ሰውየው ሞሬና የተባለውን የውሃ ማጠራቀሚያ ሊሞላ፣ ከተማይቱም 10,000 ዶላር ልትከፍለው ቃል ተለዋወጡ፤ ቃሉ ግን በተፈረመ ውል አልታሰረም። ሃትፊልድ ማማ አቁሞ፣ ምስጢሩን ለማንም ያልገለጠውን የኬሚካል ድብልቅ ወደ አየር ያተን ጀመር። በ1916 መግቢያ ዝናብ መጣ፤ ማጠራቀሚያውን ከሞላ በኋላም አላባራ አለ። ድልድዮች ተወሰዱ፤ የሎወር ኦታይ ግድብ ፈረሰ፤ ሰዎችም አለቁ። ሃትፊልድ ዋጋዬን ክፈሉኝ ሲል ከተማይቱ የመለሰችለት፣ ዋጋህን የምትወስድ ከሆነ ጎርፉ ላደረሰው ጉዳት የቀረበውንም የካሳ ጥያቄ አብረህ ተረከብ የሚል ነበር። እርሱ አልተረከበም፤ እርስዋም አልከፈለችም። ክርክሩ እየተጓተተ ቆይቶ በ1938 ያለ ክፍያ ተዘጋ።

የሃትፊልድ ጢስ ያን የመሰለ ዶፍ ሊያወርድ እንደማይችል ዛሬ ግልጽ ነው። ሆኖም ታሪኩ የሚያስተምረን ስለ ኬሚካሉ ሳይሆን ስለ ሰው ነው። ሁለቱም ወገኖች የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፦ ዝናቡ የእኔ፣ ጎርፉ የእግዚአብሔር እንዲሆን። ከዚህ የመጀመሪያውን መርሕ ማውጣት ይቻላል። ለዝናቡ ዋጋም ሆነ ምስጋና የተቀበለ ሰው ስለ ጎርፉ ሲጠየቅ ወደ ሰማይ ሊያመለክት አይገባውም። ሰማይን የሥራ ቦታው ያደረገ ሰው፣ ሰማይን ምስክሩና መሸሸጊያው ማድረግ አይችልም።

«ፈቃድ» የሚለው ቃላችን ለዚህ ጉዳይ ልዩ ብርሃን ይሰጣል። በቋንቋችን የእግዚአብሔር ፈቃድ ሲባል ከሰው አቅም በላይ የሆነውን፣ ለምን ተብሎ የማይጠየቀውን እናስባለን፤ ዝናብም ለዘመናት የኖረው በዚህ ፈቃድ ሥር ነው። የንግድ ፈቃድ፣ የመንጃ ፈቃድ ሲባል ግን ለምን ተሰጠ፣ ለማን ተሰጠ፣ መቼ ይሰረዛል ተብሎ የሚጠየቀውን እናስባለን። መንግሥት ደመናን ለማበልጸግ ፈቃድ ሲሰጥ ዝናብን ከመጀመሪያው ፈቃድ በጥቂቱ አውጥቶ ወደ ሁለተኛው ያስገባዋል። አደገኛው ነገር ቃሉ አንድ በመሆኑ ምክንያት ሁለተኛው የመጀመሪያውን ካባ እንዲደርብ፣ ማለትም የመሥሪያ ቤት ማኅተም እንደ አምላክ ትእዛዝ የማይጠየቅ እንዲሆን መፍቀድ ነው።

በአገራችን ሰሜናዊ ክፍል በረዶን ከአዝመራ ላይ ይመልሳል ተብሎ የሚታመን ደብተራ እንደነበረ ብዙዎች ያውቃሉ። የእምነቱን እውነትነት ለጊዜው እንተወው። የግንኙነቱን ዓይነት ግን እንመልከት። ገበሬው ደብተራውን በስሙ ያውቀዋል፤ ደጁን ያውቀዋል፤ የሰጠውን የእህል መጠን ያስታውሳል። በረዶ ወርዶ ገብሱን ቢያነጥፈው ሄዶ የሚጠይቀው ሰው አያጣም። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ የሚያልፈው አውሮፕላን ግን ፊት የለውም፤ ደጅም የለውም። እንግዲህ የፈቃድ ሕግ ዋና ተግባር ይህን ማካካስ ነው፤ ለአውሮፕላኑ ስም፣ ደጅና መዝገብ ሰጥቶ ገበሬው የሚጠይቀው ሰው እንዲያገኝ ማድረግ።

ይህ ሕግ ባልነበረበት ጊዜ ዳኞች ምን ያህል ተቸግረው እንደነበረ ሁለት ፍርዶች ያሳያሉ። በ1950 የኒው ዮርክ ከተማ በውሃ እጥረት ተይዛ ከከተማው ርቀው በሚገኙት የካትስኪል ተራሮች አካባቢ ደመና ለማዝነብ ስትነሣ፣ በዚያ የመዝናኛ ቦታ ያላቸው ባለንብረቶች እንግዶቻችን በዝናብ ምክንያት ይርቁብናል ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በደመና ላይ የባለቤትነት መብት የላችሁም፤ የጥቂቶች ሥጋት ውሃ ከሚያስፈልገው የአሥር ሚሊዮን ሕዝብ ችግር አይበልጥም ብሎ ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። በ1958 ደግሞ በምዕራብ ቴክሳስ ሌላ ነገር ተነሣ። አዝመራቸውን በረዶ የሚመታባቸው ገበሬዎች ደመናን የሚያክም ኩባንያ ቀጠሩ፤ ለከብቶቻቸው ሣር የሚሹ ጎረቤት አርቢዎች ግን አውሮፕላኑ የእኛን የዝናብ ደመና እየበተነ ነው ብለው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ። በዚህኛው ጉዳይ ባለመሬቱ ተፈጥሮ በመሬቱ ላይ የምትለግሰውን ዝናብ የማግኘት መብት አለው ተብሎ፣ ኩባንያው በአርቢዎቹ መሬት ላይ እንዳይሠራ ታገደ።

ሁለቱ ፍርዶች የሚቃረኑ ይመስላሉ። ጠለቅ ብለን ስናያቸው ግን ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ደመና በአንድ ሰው ጓሮ ውስጥ የታሰረ ንብረት አይደለም፤ ይህ የመጀመሪያው እውነት ነው። የማንም ንብረት አለመሆኑ ግን ማንም እንዳሻው ያድርገው ማለት አይደለም፤ ይህ ሁለተኛው ነው። አራሽና አርቢ በአንድ ሰማይ ሥር እየኖሩ የሚሹት ሰማይ የተለያየ መሆኑን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። አንዱ ጤፉን በሚያጭድበት ሳምንት ሌላው ጉድጓዱ እንዲሞላ ይጸልያል። ዝናብን መጨመር መልካም ነው የሚለው አባባል ስለዚህ ያልተሟላ ነው፤ ለማን፣ የትና በየትኛው ወር የሚሉትን ካልጨመርንበት ትርጉም የለውም።

ቴክሳስ ከዚያ ክርክር በኋላ በ1967 ሕግ አወጣች። የሕጉ አሠራር ሊታወቅ የሚገባው ነው። ሁለት ፈቃዶችን ይለያል። አንደኛው የሙያ ፈቃድ ሲሆን የሚመለከተው የሰውየውን ዕውቀት ነው። ሁለተኛው የሥራ ፈቃድ ነው፤ ይህም በተወሰነ ቦታ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለተወሰነ ዓላማ ብቻ ይሰጣል። ዐዋቂ መሆን ብቻውን የመሥራት መብት አያስገኝም። አመልካቹ ያሰበውን በአካባቢው በሚነበብ ጋዜጣ አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ጉዳት ቢደርስ የሚክስበት የገንዘብ አቅም እንዳለው ማረጋገጥ አለበት። ሥራው በረዶን ለመከላከል በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ነዋሪዎች ጠይቀው ጉዳዩ በሕዝብ ድምፅ የሚወሰንበት መንገድ በሕጉ ተቀምጦአል። አርቢዎቹ በ1958 በፍርድ ቤት ደጅ ያነሡት ጥያቄ በዚህ መልክ ወደ ሕግ አንቀጽ ገባ። ከዚህም ሌላ የፌዴራሉ መንግሥት በ1971 ባወጣው ሕግ፣ ማንኛውም በአየር ጠባይ ላይ የሚደረግ የመለወጥ ሥራ እንዲመዘገብና እንዲታወቅ ደነገገ። ይህ ሕግ ፈቃድ አይሰጥም፣ አይነሣምም፤ መዝገብ ግን ይጠይቃል።

በዚህ ላይ የሚነሣ ተቃውሞ አለ። ሥራው የሚጨምረው ዝናብ እጅግ ትንሽ ከሆነ፣ ምናልባትም ዜሮ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ሕግ ለምን ያስፈልጋል? ባልተረጋገጠ ነገር ሰውን ተጠያቂ ማድረግስ ፍትሕ ነውን? የተቃውሞው መሠረት ጠንካራ ነው፤ መልሱን ለማግኘት ሁለት ቃላትን መለየት ይገባናል። ጥፋተኝነት አንድ ነገር ነው፤ ተጠያቂነት ሌላ ነገር ነው። ጥፋተኛ ለመባል ማስረጃ ያስፈልጋል። «ተጠያቂ» ግን ቃሉ ራሱ እንደሚነግረን የሚጠየቅ ሰው ማለት ነው። የሚጠየቅ ሰው ጥፋት የሌለበት ሊሆን ይችላል፤ ግዴታው ተጠይቆ መመለስ ነው። ጥፋትን ማረጋገጥ አዳጋች በሆነበት ሥራ ላይ ተጠያቂነት ይጠብቃል እንጂ አይላላም። ጎርፍ የወሰደበት ገበሬ አውሮፕላኑ ነው ብሎ ማረጋገጥ ላይችል ይችላል፤ በዚያ ቀን አውሮፕላን መጥቶ ነበርን፣ ምን ረጨ፣ ለምን ዓላማ ብሎ መጠየቅ ግን መብቱ ነው። ይህን ጥያቄ ማንም ሊመልሰው የሚችለው ሥራው በተሠራበት ዕለት ተጽፎ ከተቀመጠ ብቻ ነው።

ይህ ነገር በንድፈ ሐሳብ ብቻ እንዳልቀረ በ2025 የቴክሳስ ጎርፍ አሳይቶአል። በዚያ ዓመት በሐምሌ ወር መግቢያ የጓዳሉፔ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ፣ በግዛቱ የሞቱት ሰዎች ከ130 በላይ ሆኑ። ከጎርፉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አንድ ደመና አበልጻጊ ኩባንያ በግዛቱ ውስጥ መሥራቱ ሲሰማ፣ ልጆቻችንን የጨረሰው እርሱ ነው የሚል ወሬ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ሐዘን የደረሰበት ሰው ምክንያት መፈለጉ የሚያስወቅሰው አይደለም። ነገር ግን ኩባንያው ፈቃድ ያለው፣ ሥራውም የሚመዘገብ ስለነበረ መልስ ሊገኝ ቻለ። የተዘራባቸው ደመናዎች ሁለት ነበሩ፤ የተረጨው ሲልቨር አዮዳይድ 70 ግራም ያህል ነበር፤ ቦታውም ከጎርፉ ሥፍራ እጅግ የራቀ ነበር። የአየር ጠባይ ሊቃውንትም ያን የመሰለ ዶፍ በዚህ ምክንያት ሊወርድ እንደማይችል፣ ምንጩ ከሞቃት ባሕር የመጣ የከበደ እርጥበት እንደሆነ አስረዱ። መዝገቡ የሞቱትን አላስነሣም፤ ሐዘንተኛውን ግን ከሐሰት ምክንያት፣ ንጹሑንም ከሐሰት ክስ አዳነ። ስለዚህ መዝገብ የበደለኛ ጠላት ብቻ አይደለም፤ የንጹሕ ሰው ጠበቃም ነው።

እስካሁን የተናገርነው አራሹ የግል ሰው ወይም ኩባንያ በሆነበት ሁኔታ ነው። አራሹ መንግሥት ራሱ ሲሆንስ? የተረቱ ሁለተኛ ሐረግ በሙሉ ክብደቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የጦር ኀይል ከ1967 እስከ 1972 ድረስ፣ በተለይ በላኦስ በሚያልፈው የሆ ቺ ሚን መንገድ ላይ ዝናብ እንዲበዛና ጭቃው የተቃዋሚዎቹን ስንቅና ትጥቅ እንዲያስቀር 2,602 ጊዜ በረራ አድርጎ ደመና ዘርቶአል። ይህ ሲደረግ ፈቃድ የሰጠ ሕዝብ አልነበረም፤ ከተጠቃው ሕዝብ ይቅርና ከራሱ ከአሜሪካም ሕዝብ ተሰውሮ ነበር። ነገሩን መጀመሪያ ያወጡት ጋዜጠኞች ናቸው፤ መንግሥት በሸንጎ ፊት ዝርዝሩን ያመነው በ1974 ነው። ከዚህ የተነሣ የአካባቢን ሁኔታ ለጦርነት መለወጥን የሚከለክል ዓለም አቀፍ ስምምነት ተዘጋጅቶ በ1977 ለፊርማ ቀረበ፤ ከፈረሙትም አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ስምምነቱ በሰላማዊ ዓላማ የሚደረገውን ሥራ አልከለከለም። ስለ ሰላሙ እርሻ መወሰን ለየአገሩ ሕግ ተትቶአል።

ቻይና በዓለም ላይ ሰፊ የሆነውን የደመና እርሻ የምታካሂድ አገር ስትሆን፣ በ2002 በሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ መሠረት ሥራውን የሚመሩት የመንግሥት አካላት ናቸው። በአገራችንም ደመናን የማበልጸግ ሙከራ መጀመሩ በ2013 ዓ.ም. በይፋ ተገልጾአል። በእነዚህና በሌሎች ብዙ አገሮች ፈቃድ ሰጪው፣ አራሹና ቆጣሪው በአንድ ጣራ ሥር ናቸው። ይህ በራሱ በደል አይደለም። ድርቅን ለመከላከል አቅም ያለው አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት ነውና፣ ባለቤቱ እርሱ መሆኑ ያስኬዳል። ነገር ግን አንድ ሰው ከሳሽም ተከሳሽም ዳኛም ሆኖ እንደማይቆም ሁሉ፣ አውሮፕላኑን ያሰማራው መሥሪያ ቤት የዝናቡን ጭማሪ ብቻውን መዝኖ፣ ውጤቱን ብቻውን መስክሮ፣ ቅሬታውንም ብቻውን ሰምቶ ሊያበቃ አይገባም። መዝጋቢውና ቅሬታ ሰሚው ከአራሹ የተለየ መሆን አለበት። ይህ ሳይሆን ሲቀር ዝናቡ በጣለበት ዓመት ሪፖርት ይበዛል፤ ባልጣለበት ዓመት ዝምታ ይሰፍናል።

አንዳንዶች ድርቅ ሲገባ ለማስታወቂያና ለምክክር ጊዜ የለም ይሉ ይሆናል። ረኀብ ያየ ሕዝብ ይህን ቃል አቃሎ አያየውም። ነገር ግን ችግር ሥራን ያስፈጥናል እንጂ ምስጢርን አያጸድቅም። ከዚህም በላይ የተፈጥሮው ሕግ ራሱ ለዚህ አባባል አይመችም፤ ድርቅ ደመና የሚጠፋበት ጊዜ ነውና፣ የሚዘራበት ሰማይ ያን ጊዜ እምብዛም አይገኝም። ሥራው የሚጠቅመው ደመና ባለበት ወቅት ውሃን ለማጠራቀም ታስቦ አስቀድሞ ሲታቀድ ነው። ለማቀድ ጊዜ ያለው ለመንገርም ጊዜ አለው።

ሌሎች ደግሞ ጨርሶ ይከልከል ይላሉ። በአሜሪካ የቴነሲ ግዛት በ2024፣ የፍሎሪዳ ግዛት በ2025 የከለከሉ ሲሆን፣ ፍሎሪዳ በዚያው ሕግ ቀደም ሲል የነበራትን የፈቃድ ሥርዓት ሽራለች። አንድ ሕዝብ መክሮ ሰማያችን አይታረስ ቢል መብቱ ነው። ነገር ግን ክልከላው የመጣው ከመረጃ ሳይሆን ከጥርጣሬ ከሆነ ጥርጣሬውን አያጠፋውም፤ ነጭ መስመር ጥሎ የሚያልፈውን አውሮፕላን ሁሉ ሌባ አድርጎ ማየት ይቀጥላል። ጥርጣሬ የሚበቅለው መዝገብ በሌለበት መሬት ላይ ነው። መዝገብ ያለው «አድርጌአለሁ» ሲልም «አላደረግሁም» ሲልም ይታመናል።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት መደምደሚያ፣ መንግሥት ስለ ሰማይ የሚሰጠው ፈቃድ የእርሱ ያልሆነን ነገር ቆርሶ ማከፋፈል አለመሆኑ ነው። ሰማይ ርስትም ጉልትም ሆኖ አያውቅም። የፈቃዱ ትክክለኛ ትርጉም ኀላፊነትን በስም መመዝገብ ነው። በስም ያልተመዘገበ ኀላፊነት ደግሞ ዝናቡ በጣለ ጊዜ ሁሉም የሚሻማው፣ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ማንም የማያነሣው ይሆናል።

መምህሩ ይህን ተረት ለተማሪዎቹ ሲያስተምር እንደ ሙት ቅርስ ከማስተማር ይልቅ የመጀመሪያው ሐረግ ምን እንደሆነ ጠይቆ፣ ሁለተኛውን ራሳቸው እንዲመዝኑት ሊተውላቸው ይችላል። ከያኒውም ከእንግዲህ ደመናን ሲሥል ወይም ሲገጥም፣ በደመናው ውስጥ የሰው እጅ ሊኖር እንደሚችል ያውቃል። በአስተዳደር ሥራ ላይ ያለው ሰው የሚጠበቅበት ግን ከሁሉ ይቀርባል። አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት በገበያ ቀን፣ ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ፣ ማን እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚረጭ፣ ቅሬታ ያለውስ በየትኛው ደጅ እንደሚቆም የሚነገር አንድ ማስታወቂያ መኖሩን ማረጋገጥ ነው። ገበሬው ያን ማስታወቂያ ሰምቶ ሲያበቃ እጁን አንሥቶ ቢጠይቅ፣ የሚመልስለት ሰው ከፊቱ ቆሞ መገኘት አለበት።